ጥላውን የመታ፣ ራሱን መታ

«ልጄን ጌም ነጠቀኝ» ላሉን የቀየት አባት የተሰጠ መልስ

«...ሦስት ወር ሆነን። አንድ ጣራ ሥር እያደርን፣ ከአንድ መሶብ እየበላን ቃል አንለዋወጥም። የምፈልገውን ለእናቱ እነግራታለሁ፤ እሷ ለእሱ ትነግረዋለች። እሱም እንዲሁ። ልጄ ሞቶ ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እንዲህ በቁሙ ጌም ሲነጥቀኝ ግን ምን ብዬ ላልቅስ?...»

ይህን የጻፉልን ከመንዝ ምድር፣ ከቀየት አንድ መምህር ናቸው። ደብዳቤያቸው በሰው እጅ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም በመኪና አዲስ አበባ ደርሶ እኔ ጋ ሲመጣ ጠርዙ አልቆ ነበር። ስማቸውንም፣ የሚያስተምሩበትን ትምህርት ቤትም አንጠቅስም። አደራ ብለዋል፤ አደራ ደግሞ አይበላም።

የነገሩ ልክ እንዲህ ነው። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ማለፊያ ነጥብ አላመጣም። ውጤቱ በመጣ ሰሞን የአክስቱ ልጅ ከአዲስ አበባ አንድ ያረጀ ስልክ ላከለት። ስልኩ ውስጥ ጌም ተጭኖበታል። ጌሙ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ኢንተርኔት የማይጠይቅ ጌም ገጠር ላለ ወጣት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ልጁ ከዚያች ስልክ ላይ ዓይኑን መንቀል ተሳነው። አንድ ቀን ከብት አስገባ ቢባል ዝም አለ። አባት በያዙት ዱላ እጁን መቱት። ስልኩ ወድቆ መስተዋቱ ተሰነጠቀ። ልጁ ምንም ሳይናገር ስልኩን አነሣና ወጣ። ዝምታው የጀመረው ያን ዕለት ነው።

መምህሩ ስለ ጌሙ የሚያውቁት ጥቂት ነው። «አንድ ሰውዬ እስር ቤት ውስጥ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ገደል ላይ ይንጠላጠላል፣ ሹል ብረት ላይ ወድቆ ይሞታል። ደግሞ ተነሥቶ ይሮጣል» ይላሉ። ባለቤታቸው ግን አንድ ነገር ልብ ብለዋል። «ሰውዬው ከገዛ ጥላው ጋር በሰይፍ ሲዋጋ አየሁት፤ ይኼ የሰይጣን ሥራ ካልሆነ ምንድነው?» አሉ።

እኔም «ጥላው» የሚለውን ሳነብ ጌሙን አወቅሁት።

ይህ ጌም ምንድነው?

ስሙ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» ይባላል፤ የፋርስ ልዑል ማለት ነው። ልጁ የሚጫወተው ታድሶ የወጣውን «ክላሲክ» የሚባለውን ይመስለኛል። እኛ ግን ከመነሻው እናውቀዋለን። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ የገባ ሰው፣ አስተማሪው ዞር ሲል በጥቁሩ ስክሪን ላይ ምን ይከፈት እንደነበር አይረሳውም። እኔም ከጓደኞቼ ትከሻ በላይ አንገቴን አስግጌ ያየሁት ያኔ ነው። አምስት ሰው አንድ ኮምፒዩተር ከቦ፣ አንዱ ሲጫወት አራቱ «ዝለል! ኸረ ዝለል!» እያሉ ይጮሁ ነበር።

ታሪኩ ተረት ነው። ሱልጣኑ ጦርነት ዘምቷል። ጃፋር የሚባለው አማካሪው መንግሥቱን ሊነጥቅ ተነሣና ልዕልቲቱን «ወይ አግቢኝ፣ ወይ ሙቺ» አላት፤ የአንድ ሰዓት ጊዜም ሰጣት። የምትወደው ወጣት ከቤተ መንግሥቱ ሥር እስር ቤት ተጥሏል። ተጫዋቹ ያንን ወጣት ሆኖ 12 ደረጃዎችን አልፎ ይደርስላታል። ጊዜው 60 ደቂቃ ነው። ብትሞት ከደረጃው መጀመሪያ ትነሣለህ፤ ያለፈው ደቂቃ ግን አይመለስም።

መምህር ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ። ይህ ዝም ብሎ የተኩስ ጌም አይደለም፤ ማሰብን የሚጠይቅ ነው። አንዱን ንጣፍ ስትረግጥ በር ይከፈታል፤ ሌላውን ስትረግጥ ይዘጋል። የትኛው ምን እንደሚያደርግ አጥንተህ፣ በሩ ሳይዘጋ ሮጠህ መድረስ አለብህ። አንድ ፎቅ ብትወድቅ ምንም አትሆንም፤ ሁለት ፎቅ ብትወድቅ ትጎዳለህ፤ ሦስት ፎቅ ከሆነ አለቀልህ። ከወለሉ ብቅ የሚለው ሹል ብረት ሮጦ የመጣውን ይወጋል፤ ቀስ ብሎ የተራመደውን ግን ያሳልፈዋል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የእኛን ተረት ፈረንጅ በጌም የጻፈው ይመስላል።

በአንድ ቤተሰብ የተሠራ ጌም

መምህሩ «ጌም ቤተሰብ ያፈርሳል» ብለው ጽፈዋል። የሚያፈርስ ጌም የለም አልልም። ይህኛው ግን የአንድ ቤተሰብ ሥራ መሆኑን ቢያውቁ ምን ይሉ ይሆን?

ሠሪው ጆርዳን ሜክነር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ነው። በኮምፒዩተር ላይ እንደ ሰው የሚሮጥ ሰው መሥራት ፈለገ። በዚያን ጊዜ የጌም ሰዎች እንደ አሻንጉሊት የሚንቀሳቀሱ ነበሩ። ሜክነር ታናሽ ወንድሙን መኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ አቁሞ «ሩጥ፣ ዝለል፣ ተንጠልጠል» እያለ በቪዲዮ ቀረጸው። ከዚያ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተር ሥዕል ለወጠው። ጌሙ ውስጥ የሚሮጠው ልዑል እንግዲህ የሠሪው ታናሽ ወንድም ነው ማለት ነው። የሰይፍ ውጊያውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 ከተሠራው የሮቢን ሁድ ፊልም ላይ ቀዳ።

ሙዚቃውንስ ማን ደረሰው? አባቱ! አባትየው ፍራንሲስ ሜክነር የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው። የልጃቸውን ጌም ዜማ ቁጭ ብለው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ልጄ በጨዋታ ዕድሜውን ፈጀ ብለው ዱላ አላነሡም።

ሥራው አራት ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ብሮደርበንድ የተባለው ኩባንያ ለአፕል 2 ኮምፒዩተር አወጣው። መጀመሪያ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ምክንያቱም አፕል 2 ራሱ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ነበር። በኋላ ለሌሎች ኮምፒዩተሮች ሲወጣ በጃፓን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ታወቀ። እኛም ዘንድ የደረሰው በዲስኬት እየተገለበጠ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ይበልጥ ይገርማል። ሜክነር ያን ሁሉ ዓመት የጻፈበት ዋናው የፕሮግራም ጽሑፍ ጠፋበት። ብዙ ዓመት ፈለገ፤ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 አባትየው ቤታቸውን ሲያጸዱ ከቁም ሣጥን ጥግ አንድ ካርቶን አወጡ። ሲከፍቱት የልጃቸው ዲስኬቶች! ከሃያ ዓመት በላይ ሳይነኩ ተቀምጠዋል። ልከውለት በአሮጌ ዕቃ አዋቂዎች እርዳታ ተነበበ፤ ሜክነርም ዓለም ሁሉ እንዲያየው በነፃ አወጣው። ልጁ የጠፋበትን ያገኘለት አባቱ ነው።

ታድሶ ሲወጣ

«ክላሲክ» የተባለው እትም በዩቢሶፍት ኩባንያ ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በኋላም በስልክ ላይ የሚሠራ ሆነ። አሮጌ ጌም አድሶ ማውጣት ምን ይመስላል ቢሉኝ፣ የአያት በርኖስ አሳጥቦ፣ የተበላ ጠርዙን አስጠግኖ መልበስ ነው እላለሁ። መንዝ ስለ በርኖስ አስተማሪ አያስፈልገውም። ግድግዳው ተለሰነ፣ ቀለሙ ደመቀ፣ የችቦው ብርሃን እውነተኛ መሰለ፤ የክፍሎቹ ነገር ግን አሮጌውን የሚያውቅ ሰው መንገዱ በማይጠፋበት ሁኔታ ተጠብቋል። አንድ ምሕረትም ተጨመረለት፤ የሞተ ሰው እንደ ድሮው ከደረጃው መጀመሪያ ሳይሆን ወደወደቀበት ቀረብ ካለ ቦታ ይነሣል። አሮጌው ጌም እንደ ድሮ የኔታ ጨካኝ ነበር፤ አዲሱ ትንሽ ይራራል።

በእድሳቱ ያልተነካ አንድ ነገር አለ፤ የጥላው ነገር።

ጥላው ከየት መጣ?

የመምህሩ ባለቤት ያዩት ጥላ የሰይጣን ሥራ አይደለም። የሜሞሪ ማነስ የወለደው ነው። የያኔው ኮምፒዩተር ሜሞሪ እጅግ ትንሽ ነበር። ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አይገባበትም። ልዑሉን ብቻ ስሎ ሜሞሪው ሞላ። የሥራ ባልደረባው ግን ጠላት ከሌለ ጌሙ ልብ አይሰቅልም ብላ ወተወተችው። ሌላ ሰው መሳያ ቦታ የለም። ታዲያ ምን አደረገ? የልዑሉን የራሱን ሥዕል ወስዶ መልኩን በኮምፒዩተር ስሌት ገልብጦ ጥላ አደረገው። ጠላት ሲያጣ ሰውየውን ለራሱ ጠላት አደረገው ማለት ነው።

አራተኛው ደረጃ ላይ ልዑሉ መንገዱን የዘጋ መስተዋት ያገኛል። መስተዋቱን በሩጫ ዘልሎ ሲሰብረው ጥላው ከውስጡ ወጥቶ ይሮጣል፤ ልዑሉም ጉልበቱ ተሟጦ አንዲት ነጥብ ትቀርለታለች። ከዚያ ጥላው መድኃኒቱን ቀድሞ ይጠጣበታል፤ በር ይዘጋበትና ገደል ይጥለዋል። በመጨረሻ 12ኛው ደረጃ ላይ ሰይፍ መዝዞ ፊት ለፊት ይቆማል።

እኛ ያኔ በማሠልጠኛው የደከምነው እዚህ ላይ ነው። ጥላውን ስትወጋው የአንተ ጉልበት ይቀንሳል። ደግመህ ስትወጋው ደግሞ ይቀንሳል። ከገደልከው ትሞታለህ። ጎበዝ ሰይፈኛ በሆንክ መጠን ቶሎ ትሞታለህ! ስንቱ በንዴት ኪቦርዱን ደበደበ። መፍትሔው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሰይፍህን ወደ ሰገባው ትመልሳለህ። ያን ጊዜ ጥላውም ሰይፉን ያስቀምጣል። ከዚያ ሳትፈራ ወደ እሱ ትሄዳለህ፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። አንድ ከሆኑ በኋላ ወለል ያልነበረበት ገደል ላይ ስትረግጥ ወለል ከእግርህ ሥር ይወጣልሃል።

መምህር፣ እርስዎ በዱላ የመቱት የማንን እጅ ነው? ዓይኑ ያንተ፣ አካሄዱ ያንተ ነው እያለ አገር የሚመሰክርለትን ልጅዎን አይደለም? ከዚያ ቀን ወዲህ ከእሱ ይልቅ የተጎዱት እርስዎ መሆንዎን ደብዳቤዎ ይናገራል። ጥላውን የመታ፣ ራሱን መታ።

ለመሆኑ ልጁ ታሟል ወይ?

«ሱስ ነው» ብለዋል። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን እንደ ሕመም በመዝገቡ አስፍሯል፤ መዝገቡም ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ነው። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው። ጨዋታውን ለመቆጣጠር አለመቻል አንድ። ጌሙን ከምግብ፣ ከሥራ፣ ከወዳጅ ሁሉ ማስቀደም ሁለት። ጉዳቱ እየታየም መቀጠል ሦስት። ያም ሆኖ አንድ ዓመት ያህል የቆየና ኑሮን ያናጋ መሆን አለበት፤ በጣም ከከፋ ግን ዓመት ሳይጠበቅም ሐኪም ሊወስን ይችላል። የእርስዎ ልጅ፣ ደብዳቤዎን እንዳነበብኩት፣ ጠዋት ውሃ ይቀዳል፤ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ይውላል፤ ሌሊት ይተኛል። ይህ ልጅ ከሱስ ይልቅ ሐዘን የያዘው ይመስለኛል።

ሐዘኑ ከየት ይመጣል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ከመቶው ዘጠና ምናምኑ ግማሹን ነጥብ እንኳ አላገኘም ማለት ነው። የመምህር ልጅ ሆኖ መውደቅ ደግሞ ሁለት ጊዜ መውደቅ ነው፤ አንዴ በፈተናው፣ አንዴ በአባቱ ፊት። ታዲያ ይህ ልጅ፣ ደጋግሞ ቢወድቅ ማንም የማይሰድበው፣ «ተነሥና እንደገና ሞክር» የሚለው አንድ ጌም ቢያገኝ ሙጭጭ ቢል ይፈረድበታል? እኛ ቤት ውስጥ እንዲያ ብለነው እናውቃለን?

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሽማግሌ አይላኩ። በአባትና በልጅ መካከል ሽማግሌ ሲገባ ነገሩ የፍርድ ቤት ጉዳይ ይመስላል። ራስዎ ይሂዱ። ይቅርታ ለማለት አፍዎ እምቢ ካለዎት፣ የእኛ አገር አባት አፍ እምቢ ሲል አዲስ አይደለም፣ ከአጠገቡ ቁጭ ይበሉና «ያቺን ጥላ እንዴት ነው የምታልፋት? እስቲ አሳየኝ» ይበሉት። ከዚያ በላይ ይቅርታ የለም። ልጁም «አባዬ፣ ሰይፉን ማስቀመጥ ነው» ይልዎት ይሆናል። ካላወቀውም አብራችሁ ፈልጉት። እኔ ከላይ የነገርኩዎትን ግን ቶሎ አይንገሩት፤ ራሱ ቢደርስበት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የተሰነጠቀውን መስተዋት ያሠሩለት። ደብረ ብርሃን ለጉዳይ ሲወርዱ ይዘውት ይውረዱ። ገንዘቡ ሊከብድ ይችላል፤ ሦስት ወር ዝምታ ግን ከዚያ ይከብዳል።

ሦስተኛ፣ የጌሙን ሕግ ለቤትዎ ይዋሱት። ጌሙ 60 ደቂቃ ነው። «በቀን አንድ ሰዓት ያንተ ነው፤ ማንም አይነካብህም። ሌላው የቤታችን ነው» ይበሉት። ሰዓቱ ሲያልቅ እንዲያቆም ይስማሙ። መንጠቅና መስማማት ለየቅል ናቸው። የተነጠቀ ልጅ ይደበቃል፤ የተስማማ ልጅ ያፍራል።

አራተኛ፣ ደብተር ይስጡት። ሜክነር ጌሙን ሲሠራ የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ታትሞለታል። ልጅዎም እያንዳንዱን ደረጃ እንዴት እንዳለፈ፣ የቱ ንጣፍ የቱን በር እንደሚከፍት ይሣል፤ ይጻፍ። እንዲህ ያለ አእምሮ ሒሳብ አይገባውም ማለት ዘበት ነው። በግል ተፈታኝነት ድጋሚ መቀመጥም፣ ቴክኒክና ሙያ መግባትም አለ፤ ያን ግን ዛሬ አያንሡ። መጀመሪያ ሰላም፣ ከዚያ ምክር።

አምስተኛ፣ እርስዎም የራስዎን ጨዋታ ያስተምሩት። በግ ሲጠብቁ አፈር ላይ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጠጠር ለቅመው ገበጣ አልተጫወቱም? የእንግሊዙ የታሪክ ሊቅ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት ጽፈዋል። ሊቅ የደከመበትን ጨዋታ እርስዎ በነፃ ያውቁታል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስም «ኩኩሉ» የሚባለውን ጌም ሠርቷል፤ ገበጣንም በስልክ የሚጫወቱት አድርጎታል። እድሳት የፈረንጅ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን እሱ ያስተምርዎ፣ በማግሥቱ እርስዎ ያስተምሩት። ቢሸነፉም ይሳቁ። አባቱን ያሸነፈ ልጅ አባቱን አይሸሽም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከጓደኛ ከራቀ፣ መኖር ሰለቸኝ ማለት ከጀመረ፣ የጌም ወሬውን ትተው በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እዚያ ላይ የጋዜጣ ምክር ሐኪም አይተካም።

ጌም የሚጫወት ሁሉ ጌም ሠሪ ይሆናል ብዬ አላታልልዎትም። ከሺህ አንዱም ላይሆን ይችላል። እኔ የምለው፣ ልጁ የተቀመጠበትን ክፍል በር የሚከፍተው ንጣፍ ያለው እርስዎ በኩል ነው። ጃፋር የሚባለው ጠላት ደግሞ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሥራ ማጣቱ፣ የመንገዱ መዘጋት፣ የጊዜው ክፋት። እሱን ለመጋፈጥ አባትና ልጅ አስቀድሞ አንድ መሆን አለባቸው።

ሌሎቻችሁም የዚህ ገጽ አንባቢያን፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዝምታ ካለ ጻፉልን። ስም አንጠይቅም። መምህርም የሆነውን ያሳውቁን፤ በተለይ አስራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ማን ቀድሞ ሰይፉን እንዳስቀመጠ።